የመዝገቡ ጠርዝ ላይ የጻፍኩት

ነሐሴ ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ ሰብስቦን ጎጥ ያከፋፍለናል። ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ ቤት ለቤት ዞሮ መመዝገብ የመምህር ሥራ ነው። ጭቃ ነው፣ ወንዝ ሞልቷል ቢሉት አይሰማም። ትምህርት ቤታችን ከቢቸና በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ለእኔ የደረሰኝ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ወደ ቆላው አዘቅዝቆ የተቀመጠው ጎጥ ነበር። ከብት ይበዛበታል፤ ስለዚህም ውሻ ይበዛበታል።

እኔ ፈሪ ነኝ። ዛሬ ድሬዳዋ ተቀምጬ ስጽፈው አላፍርበትም፣ ያኔ ግን እደብቀው ነበር። ያደግሁት ሞጣ ከተማ ውስጥ ነው፤ የማውቀው ውሻ ታስሮ የሚውለውን ነው። ውዳሴ ማርያሜን በላስቲክ ጠቅልዬ ከመዝገቡ ጋር በአንድ ቦርሳ እይዝና በአንድ እጄ ዱላ፣ በአንድ እጄ ጃንጥላ ይዤ እወርዳለሁ። ያን ዓመት ከውሻም የባሰ ነገር ነበር። ትምህርት ቤቱ በአካባቢው ውጊያ ተዘግቶ ከርሞ ገና መከፈቱ ነው። የስም ዝርዝር ይዞ በሰው ደጅ የሚዞር ሰው «ማን ላከህ?» ይባላል፤ ከወዲያም ይባላል፣ ከወዲህም ይባላል። መንገድ ላይ ሰው ባየሁ ቁጥር ቦርሳውን በነጠላዬ እሸፍነው ነበር። አሁን ሳስበው፣ የሸፈነ ሰው ነው ይበልጥ የሚጠረጠረው።

ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት በነበረው ምዝገባ የሆነብኝን ልናገር። እናቶቹ በትሕትና ተቀብለው፣ እርጎ አጠጥተው፣ የልጅ ስም ነግረው ሸኝተውኝ ነበር። መስከረም ላይ ስሙን ብጠራው ብጠራው አቤት የሚል ጠፋ። የጻፍኩት በጎጡ ውስጥ የሌለ ልጅ ስም ነው። አንዷማ የበሬዋን ስም ነበር ያስመዘገበችኝ፣ ከአባት ስም ጋር። ክፍል ውስጥ ስጠራው ልጆቹ በሳቅ ሲወድቁ ነው የገባኝ። አልተቀየምኳቸውም። ልጅ የተጻፈበት ቤት ጥጃ የሚይዝለት ያጣል፤ ባይዋሹ ነበር የሚገርመኝ።

በዚህኛው ዓመት ግን ብልሃት አገኘሁ ብዬ ተነሣሁ። ከብልሃቴ ይሰውረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ እናቱ የምትጠራው ስም አለው፣ አባቱ ያወጣለት አለው፣ ቄስ በሚጠመቅበት ቀን የሚሰጠው ደግሞ አለ። ስለ ሁለቱ እናት ልትዋሽ ትችላለች። ስለ ክርስትናው ስም ግን አትዋሽም፤ በጥምቀት የተሰጠ ነው፣ መዋሸቱ ያስፈራታል። እንዲያውም ጨርሶ አትናገረውም። ስሙ መተተኛ እጅ ከገባ ልጁ እጁ ገባ ማለት ነው። እኔም እንዲሁ ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ሞጣ ሳለሁ አብራኝ ላደገች ጓደኛዬ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። እና ያሰብኩት ምንድን ነው? የክርስትናውን ስም ከነገሩኝ፣ ሌላውንም እውነቱን ይነግሩኛል። ይህን የነገረ ሰው ልጁን አይደብቀኝም።

ጎጡ ውስጥ መጀመሪያ የደረስኩበት ቤት የአንዲት እናት ነበር፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ባሏ ለሥራ ሄዶ የቀረባት። እንዝርቷን እያሾረች በር ላይ ቆማለች። ውሻዋ እኔና እርሷ መካከል ቆሟል።

«ግቢ፣ አይነክስም።»

«ይሰሩልኝ እባክዎ፣ እትዬ።»

«የሚነክሰው ሌባ ነው። አንቺ ሌባ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል፣ እታለም?» አለችና እየሳቀች አሰረችው።

ልጇ ጥጃ እየነዳች ከዳገቱ ስር ወጣች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የያዘችው በትር በቁመት ይበልጣታል። መጥታ ከተቀመጥኩበት በትከሻዬ በኩል መዝገቡን አየች።

«ይኼ ሁሉ የሰው ስም ነው?»

«የሰው ነው።»

«የጥጃ አይጻፍም?»

«ዝም በይ፤ የበሬ መጻፉን ሰምታ ነው» አለች እናቷ። የበሬው ወሬ ወንዝ ተሻግሯል ማለት ነው። አፈርኩ።

እናትየው ችግሯን ሳትደብቅ ነገረችኝ። ላሞቹ የእርሷ አይደሉም። የሰው ከብት ታረባለች፣ ከሚወለደው እኩል ትካፈላለች። «አንዲት ጥጃ ገደል ብትገባ ምን ብዬ ነው ባለቤቱ ፊት የምቆም?» አለች። አምስት ቤት ሆነው ጥጃ በተራ ያስጠብቃሉ፤ ዛሬ የአንዱ ልጅ የአምስቱን ቤት ጥጆች ይዞ ይወርዳል፣ ነገ የሌላው። አንድ ቤት ልጁን ትምህርት ቤት ከላከ ተራው ባዶ ይሆናል፣ ከጎረቤት መጣላት ይመጣል። በሌላ በኩል የልጅቷ አጎት ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ ብሏል። ደጋ ላለ ዘመዱ ከብት ጠባቂ አድርጎ ሊወስዳት ነው።

«እትዬ፣ ሊሰጧት ነው?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልከልክል? የባሌ ወንድም ነው። ትምህርት ቤት ገብታለች ካልኩት ግን አፍ ያጣል። መምህር ያለበት ነገር ይፈራል።»

መምህርን የሚፈራ ሰው መኖሩን ያን ቀን ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው ይህችን ልጅ ማስመዝገብ የቆረጥኩት። ከአምስት ቀን አንዱን ተራዋን ትጠብቅ፣ ቀሪ አትባልም፣ ያመለጣትን በማግስቱ በማለዳ አሳያታለሁ አልኳት። ለርዕሰ መምህሩ ሳልነግር ነው ቃል የገባሁት። እናትየው እንዝርቷን አቆመች፣ አሰበች፣ እሺ አለች፣ ልጅቷ የምትጠራበትን ስም ነገረችኝ። በዚህ ላይ ብነሣ ኖሮ ይህን ሁሉ የምጽፈው አልነበረኝም።

«የክርስትና ስሟስ?» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። «ለምንሽ ነው?»

«በጸሎት ላስባት።»

ውሸት አልነበረም። ዛሬም ድረስ አስባታለሁ። ግን ግማሹን ብቻ ነበር የነገርኳት። ልጅቷን ወደ ውጭ አስወጣቻት፣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና በሹክሹክታ ነገረችኝ። እንዳልረሳው ብዬ በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል፣ መዝገቡ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት። እስከ ማታ ድረስ አሥራ አራት ቤት ገባሁ። አሥራ አንድ እናቶች ነገሩኝ። ማንም አልዋሸኝም። ወንዙን ስሻገር ደስ እያለኝ ነበር፤ ፍርሃቴም የተወኝ መሰለኝ።

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ። ከወንዙ ማዶ ማንም አልመጣም፤ እሺ ያለችኝ እናት እንኳ ጎረቤት ሳይጀምር ልጇን አልላከችም። ሳምንት ጠበቅን። ርዕሰ መምህሩ፣ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነበብላቸው። ስሙ በቤተ ክርስቲያን ከተጠራ ማን ይቀራል? አንቺ ታስቀድሺ የለ፣ መዝገቡን ይዘሽ ሂጂ» አለኝ። ያዝኩት።

ቅዳሴ አልቆ፣ ሕዝቡ ዛፉ ስር ተቀምጦ፣ ቄሱ ድምፅ ማጉያውን ያዙ። መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ተቀበሉኝ። እኔ ሴቶቹ መካከል ተመልሼ ቆምኩ። ያቺ እናት ልጇን ፊቷ አቁማ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላለች፤ ስታየኝ በዓይኗ ሰላም አለችኝ።

የመጀመሪያው ስም ሲነበብ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ሁለተኛው ሲነበብ ገባኝ። ቄሱ የሚያነቡት በአምዱ ውስጥ በቀለም የተጻፈውን አልነበረም፤ ከጠርዙ ላይ በእርሳስ የጻፍኩትን ነበር። እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ለጸሎት በሚሰጣቸው ብጣሽ ወረቀት ላይ የሚያነቡት የክርስትና ስም ነው፤ ዓይናቸው የለመደውን ፈልጎ አገኘ። ከዚያም ቀጥሎ ባለው አምድ የእናት ስም አለ። እርሱንም ይጨምራሉ። የልጅ የክርስትና ስምና የእናት ስም፤ ኮከብ ቆጣሪ ሰው ሲመጣበት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፣ ከዚህ ሌላ አይጠይቅም።

መጮህ ነበረብኝ። «አባ፣ ይቁም» ማለት ነበረብኝ። አፌ አልከፈት አለኝ። ሴት በሕዝብ መካከል ቄስ አታቋርጥም፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ግን፣ ከተናገርኩ የጻፍኩት እኔ መሆኔ ይታወቃል ብዬ ነው። እስከዚያ ድረስ ጥቂት ሴቶች ገና አልገባቸውም ነበር። እኔ ስቆጥር፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። መዝገቡ በፊደል ተራ ነውና አምስተኛው የዚያች ልጅ ነበር። እናቷ እጇን ከልጅቷ ራስ ላይ ጫነች፣ አንድ ነገር እንዳይወርድባት የምትከልል ይመስል። ሰባተኛው ላይ አንዲት አሮጊት ተነሥተው፣ «አባ፣ ምን እያደረጉ ነው? ልጆቻችንን እየበተኑብን ነው» አሉ። ያን ጊዜ ቆሙ።

ከወንዶቹ በኩል፣ «ስብከቱን ስቀዳ ስልኬ ይኼንንም ቀድቶታል» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጥፋው የሚል ሌላ ድምፅ መጣ። ጠፋ ወይስ አልጠፋም፣ አላውቅም።

ቄሱ መዝገቡን መለሱልኝ። «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ከዳር ያለውን ነው። ምነው ጻፍሽው?» አሉኝ። መዝገቡን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ስመለከት ያቺ እናት ልጇን አዝላ ቁልቁለቱን ጀምራለች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ቤቴ ገብቼ አሥራ አንዱንም ስም በላጲስ አጠፋሁ። ተጫኜ ጽፌ ኖሮ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ፊደሉ እንደ ጠባሳ ይታያል። ሞጣ ላለችው እናቴ ደወልኩላት። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። ሰማችኝና፣ «አባትሽ የእኔን የክርስትና ስም የሰማው በቁርባናችን ቀን ነው። የታመመ ልጅ አለ?» አለች።

«ኧረ የለም።»

«እንዳይኖር ጸልዪ።»

ረቡዕ ዕለት ተሰማ። ያቺ ልጅ ታማለች፤ ያንቀጠቅጣታል፣ ያልባታል፣ ስም እየጠራች ትቃዣለች ተባለ። ወደ ቆላ ቀረብ ያለ አገር ነው፣ ወሩ መስከረም ነው፣ ወባ መሆኑን ጭንቅላቴ ያውቃል። ልቤ ግን እንደዚያ አላለም። ልቤ፣ አንቺ ነሽ ያሳመምሻት አለኝ።  ብትሞትስ? በየትኛው ፊቴ እቆርባለሁ? ዓርብ ጠዋት ሳስተምር ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። የንስሐ አባቴን እንኳ አላማከርኩም፤ አትሂጂ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፣ ሂጂ ቢሉኝም ፈራሁ።

ልጅቷን ያገኘኋት ጠበል ቦታ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች። ጋቢ ተጠቅልላ እናቷ ጭን ላይ ናት። ከንፈሯ ደርቋል። ስማቸው የተጠራው የሌሎቹ ልጆች እናቶችም አሉ፤ ያልታመሙትንም ለጥንቃቄ አምጥተዋል። ስደርስ ወሬው ቆመ። ውሻ በመካከላችን ባይኖርም የቆምኩት ውሻ ያለበትን ያህል ርቄ ነው።

«እትዬ» አልኳት፣ «ወባ ይመስለኛል። ጤና ጣቢያ እንውሰዳት። ጠበሉንም ትጠጣ፣ መድኃኒቱንም ትውሰድ። ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው።»

«ሦስት ቀን ጠጣች። ምን ለወጣት?»

«ለዚህ እኮ ነው።»

«ስሟ ተይዞ ነዋ የማይለቃት። ስሟን ይዘሽ የሄድሽ አንቺ፣ አሁን ደግሞ ራሷን ይዘሽ ልትሄጂ መጣሽ?»

«ይቅር በይኝ» አልኳት፤ አንቺ ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «ያንቺስ የክርስትና ስም ማን ነው?» አለች።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ መምህር ነኝ፣ ተምሬያለሁ፣ ጠመኔ ይዤ ስለ ደምና ስለ ትንኝ አስተምራለሁ። ያን ጊዜ ግን ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ቀዘቀዝኩ። ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም። ለእነርሱ ልጆች ሳልፈራ ለራሴ ምን ያህል እንደምፈራ ያኔ አየሁት። ይህ ከፍርሃቱ ይልቅ አሳፈረኝ። ተጠግቼ በጆሮዋ ልነግራት ጎንበስ አልኩ።

እጇን ዘርግታ አቆመችኝ። «የእኔ ልጅ የተጠራችው በጆሮ አይደለም። በድምፅ ማጉያ ነው።»

«አልሰማንም እንዳንል፣ ጮክ አድርጊው» አለች ከኋላ አንዷ።

«የእናትሽንም ጨምሪበት» አለች ሌላዋ። «እኛ ከነስማችን ነው የወጣነው።»

የእናቴ ስም ሲነሣ ልመለስ አስቤ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ ሄጃለሁ። ልጅቷ ጋቢው ውስጥ ጥርሷ ሲፋጭ ተሰማኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና የክርስትና ስሜንም፣ የእናቴንም ስም፣ ክፍል ውስጥ ስም በምጠራበት ድምፅ ተናገርኩ።  ዓይኔን ስገልጥ የሚወርድብኝ ነገር ካለ ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር።

በዚያ እሑድ ቄሱን ያቋረጡት አሮጊት፣ «አዬ ጉድ» አሉ። «ይኼማ የእኔም የክርስትና ስም ነው። ስልሳ ዓመት የደበቅሁትን ይቺ አወጣችብኝ።»

አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ። ያቺ እናት አልሳቀችም። ልጇን አንሥታ ተነሣች፣ «የትኛው መንገድ ይቀርባል?» አለችኝ።

ዋናው መንገድ እስክንደርስ ዳገቱን እየተፈራረቅን አዘልናት። ልጅቷ ጀርባዬ ላይ እንደ እሳት ትፋጅ ነበር፤ ዝም ባለች ቁጥር እየዞርኩ አያታለሁ። ከዚያ ባጃጅ አግኝተን ቢቸና ገባን። ጤና ጣቢያ ደሟን መረመሩ። ወባ ነው አሉ፣ መድኃኒት ሰጡ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናትየው ኪኒኑን እያገላበጠች አየችው።

«ወባ ነው አሉ?»

«ወባ ነው።»

«ወባውንስ ማን ላከው?»

ኪኒኑ የሚዋጥበት ውሃ ላመጣ ተነሣሁ። 

ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ ክፍል ስገባ ልጅቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው። ደስ ሊለኝ ሲል ወደ በሩ አየሁ። እናቷ ደፉ ላይ ተቀምጣለች፣ እንዝርቷን ይዛ። ተራው የእርሷ ቤት ነበርና የአምስቱ ቤት ጥጆች የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሣር ይግጣሉ። ርዕሰ መምህሩ መጥቶ ጠራኝ።

«ይህ ትምህርት ቤት ነው በረት?»

«ይውጡ ካልክ ልጅቷም ትወጣለች።»

ጥጆቹን አየ፣ እናትየውን አየ። «ችግኙን እንዳይነኩ» ብሎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አጎትየው መጣ። ረጅም ሰው ነው፣ ዱላውን አልጣለም፤ በሩ ላይ ሲቆም ክፍሉ ጨለመ። እናትየው ሳትነሣ፣ «ተመዝግባለች። መምህርቷን ጠይቅ» አለችው። እርሱም እኔን አየና፣ «እውነት ነው?» አለኝ። ድምፄ እንደማይወጣ አውቄ መዝገቡን ገለጥኩና ጣቴን በስሟ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ማንበብ አይችልም ነበር፤ ጣቴን ግን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።

አሁን ትነሣለች ብዬ ነበር፤ አልተነሣችም። በማግስቱም መጣች፣ የሚቀጥለውንም ሳምንት።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ሄደ» አልኳት በዕረፍት ሰዓት። «ከእንግዲህ የሚወስዳት የለም። ማንን ነው የሚጠብቁት?»

«አንቺን» አለች፤ እንዝርቷን ሳታቆም።

ደወል ተደወለ። ገባሁ። ልጅቷ ሰሌዳውን ታያለች፣ እናቷ በበሩ እኔን ታያለች። ጀርባዬን ሰጥቼ መጻፍ ጀመርኩ፤ ጠመኔው ሁለት ጊዜ እጄ ላይ ተሰበረ።